ናይለኑን የሚገድለው ሙቅ ውሃ ነው፦ ስለ ተሽከርካሪ የፕላስቲክና የብረት ክፍሎች ዕድሜ

እንደምን ዋላችሁ። ጠረጴዛው ላይ የምታዩዋቸው ሁለት ዕቃዎች ከአንድ ዓይነት ሞተር የመጡ የቴርሞስታት ቤቶች ናቸው፤ ቴርሞስታት የኩላንቱን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው። አንዱ አዲስ ነው፤ ሌላው ዓመታት ሠርቶ የወጣ ነው። ሁለቱም ጥቁር ናይለን ናቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ አይለዩም። አዲሱን ጫፉን ይዛችሁ ብትጫኑት ትንሽ ይታጠፍና ወደ ቦታው ይመለሳል። የአሮጌውን የቱቦ መግቢያ በሁለት ጣት ይዛችሁ ብታጣምሙት ግን ቀጭ ብሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

የተሰበረበትን ፊት ወደ መብራት አስጠጉት። ውጪው እንደ ነበረ ጥቁር ነው። ኩላንት፣ ማለትም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ ሲያጥበው የኖረው የውስጥ ግድግዳ ግን ቡናማ ሆኗል፤ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት ያራግፋል። በዱቄቱ መሃል እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ይታያሉ። የመስታወት ክር ናቸው። ክሮቹን አቅፎ የያዘው ናይለን ተበልቶ አልቆ እነሱ ራቁታቸውን ቀርተዋል።

ዛሬ የምናገረው በሙሉ ከዚህ ዱቄት ይመነጫል። «ፕላስቲክ ይሻላል ወይስ ብረት?» ሲባል ብዙ ሰው «የድሮ መኪና ብረት ስለነበር ነው የሚበረታው» ብሎ ይደመድማል። ግማሽ እውነት አለው። ጠቃሚው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ የትኛው ፕላስቲክ፣ በስንት ዲግሪ፣ ምን እየነካው? ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ፕላስቲክ ብረትን ሊያስንቅ ይችላል። ሙቅ ኩላንት የሚነካው ፕላስቲክ ግን እንደ ቺንጋና እንደ ዘይት ማጣሪያ የሚቀየርበት ቀን ሊቆረጥለት ይገባል። እስኪፈነዳ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም።

አምራቾች ወደ ፕላስቲክ የሄዱት በርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ርካሽነቱም እርግጥ አለበት። 30 በመቶ የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይለን 66 በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.37 ግራም ያህል ይመዝናል። አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት 7.85 ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በሚጠቀምበት ግምት የተሽከርካሪው ክብደት በ10 በመቶ ሲቀንስ የነዳጅ ቁጠባው ከ6 እስከ 8 በመቶ ይሻሻላል። ከዚያ ደግሞ የአሠራሩ ቅለት አለ። አሉሚኒየም ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ ገና መላግ፣ መሰርሰር፣ ጥርስ ማውጣት ይቀረዋል። ናይለን የቱቦውን መግቢያ፣ የሴንሰሩን መቀመጫና የሽቦውን መያዣ ሁሉ ይዞ በአንድ ጊዜ ተቀርጾ ይወጣል። አየርን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ኢንቴክ ማኒፎልድ ብንወስድ ውስጡ ከተፈሰሰ አሉሚኒየም ይልቅ ለስላሳ ነው፤ የሞተሩንም ሙቀት ወደሚገባው አየር ብዙ አያሳልፍም። እዚያ ቦታ ላይ ፕላስቲኩ የተመረጠው በሥራው ጭምር ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ናይለን 66 የሚቀልጠው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው «ኩላንት 100 ዲግሪ ቢደርስ ምን ያመጣል?» ይላል። መቅለጥና ማርጀት ግን ለየቅል ናቸው። ናይለን ሲሠራ ሁለት ኬሚካሎች እየተያያዙ ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ መያያዣ ላይም ውሃ ይወጣል። ሙቀትና ውሃ አብረው ሲመጡ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፦ ውሃው ገብቶ መያያዣውን ይበጥሰዋል። ሃይድሮሊሲስ የሚባለው ይህ ነው። ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ዕቃው መለመጡን ትቶ ተሰባሪ ይሆናል። የሚገርመው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለናይለን ወዳጁ ነው። ክር ያልገባበት ናይለን 66 ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ውሃ መምጠጥ ይችላል፤ ሲመጥም ይለሰልስና በቀላሉ የማይሰበር ይሆናል። ያው ውሃ ሲሞቅ ነው ገዳይ የሚሆነው።

ፍጥነቱን ለመገመት ኬሚስቶች የሚጠቀሙበት ሻካራ ስሌት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የኬሚካል ለውጡ በግምት እጥፍ ይፈጥናል። በድሮ ሞተሮች ቴርሞስታቱ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ነበር። ብዙዎቹ አዳዲሶች ለነዳጅ ቁጠባና ለጭስ ቅነሳ ሲባል ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ድረስ ይሠራሉ። ከ90 ወደ 105 መውጣት በሜትሩ ላይ ምንም አይመስልም፤ በዚህ ስሌት ግን የናይለኑ እርጅና ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ላይ የኩላንቱ ዋና ኬሚካል የሆነው ግላይኮል ሲያረጅ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲድ ደግሞ ብጠሳውን ያፋጥነዋል። ኩላንት ሳይቀየር የከረመ መኪና የፕላስቲክ ክፍሎቹን ቀድሞ የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጠላት መስፋትና መኮማተር ነው። እዚህ ላይ ራዲያተሩን ቀረብ ብለን እንየው። የዘመኑ ራዲያተር መሃሉ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ናይለን ናቸው። የተገናኙት በብየዳ አይደለም። የአሉሚኒየሙ ጠርዝ እንደ ጥርስ ተከርክሞ በናይለኑ ከንፈር ላይ ይታጠፋል፤ በመካከላቸው የጎማ ጋስኬት ይተኛል። የናይለኑ ጫፍ ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር ቢሆንና በ80 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አሉሚኒየሙ 0.9 ሚሊሜትር ያህል፣ ናይለኑ በክሮቹ አቅጣጫ 1.2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ሞተሩ በተነሳና በበረደ ቁጥር ሁለቱ በ0.3 ሚሊሜትር ይፋተጋሉ ማለት ነው። ናይለኑ ለስላሳ ሳለ ይችለዋል። ሲደርቅ በሁለት ቦታ ይለቃል፦ አንደኛው ጥርሶቹ የታጠፉበት ጠርዝ ሲሆን ነጭ ወይም የኩላንቱን ቀለም የያዘ ደረቅ ቅርፊት ይታይበታል። ሁለተኛው ከሞተሩ የሚመጣው ሙቁ ኩላንት የሚገባበት አንገት ነው፤ እዚህ በጨረቃ ቅርጽ ይሰነጠቃል። በአንገቱ በኩል ሲሄድ አያስጠነቅቅም፤ ዳገት ላይ ሙሉ ግፊት ሲያገኝ ድንገት ይለቃል።

ሦስተኛው በጫና ስር ሆኖ ቀስ በቀስ ቅርጽ መልቀቅ ነው፤ ክሪፕ ይሉታል። ብረትን በብሎን ብታስሩት ጭምቀቱን ይዞ ይቆያል። ፕላስቲክ ግን ሲጨመቅ፣ ይልቁንም ሲሞቅ፣ እየሟሸሸ ከብሎኑ ስር ይሸሻል። ስለዚህ በፕላስቲክ ክፍል የብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ አጭር የብረት ወይም የናስ ቀለበት ታገኛላችሁ። ብሎኑ የሚጨምቀው ያንን ቀለበት ነው፤ ፕላስቲኩ ከጋስኬቱ መጭመቂያ በላይ ጫና አይደርስበትም። ዕቃው ሲታጠብ ቀለበቱ ወድቆ ከጠፋና ያለ እሱ ከታሰረ፣ ፕላስቲኩ ወይ ያኔውኑ ይሰነጠቃል ወይ ከሰነበተ በኋላ ላልቶ ያፈሳል። እዚህ ቦታ የተለመደው 6 ሚሊሜትር ብሎን የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ነው። በ10 ቁልፍ «ጠበቅ ላድርገው» ያለ እጅ ሳያውቀው ይህን እጥፍ ያልፋል። የቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ከሌላችሁ የፕላስቲክ ክፍል ባትገጥሙ ይሻላል፤ ይህን ያህል አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ።

ንድፉ ራሱ የተሳሳተባቸው፣ በስፋት የታወቁ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። የጄኔራል ሞተርስ 3800 ሁለተኛው ትውልድ ሞተር የላይኛው ኢንቴክ ማኒፎልድ ፕላስቲክ ነበር። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው የብረት ቱቦ በዚያ ፕላስቲክ መሃል ያልፋል፤ አጠገቡ ደግሞ የኩላንት መተላለፊያ አለ። የቱቦው ሙቀት ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ ያበላሸዋል፤ ግድግዳው ሲበሳ ኩላንቱ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ፈሳሽ አይጨመቅምና፣ ሞተሩ ሲነሳ የፒስተን ዘንግ እስከ ማጣመም ይደርሳል። የኋላ መፍትሔው ቱቦውን ማቅጠንና በእሱና በፕላስቲኩ መካከል የአየር ክፍተት መተው ነበር። ልብ በሉ፣ ፕላስቲኩ እዚያው ቀርቷል፤ የተቀየረው የሚደርስበት ሙቀት ነው። ሁለተኛው የፎርድ 4.6 ሊትር ቪ8 ነው። ናይለኑ ማኒፎልድ ከፊት በኩል ኩላንት የሚያሻግርበት ክፍል ይሰነጠቅ ነበር። በኋላ ያ መሻገሪያ ብቻ አሉሚኒየም ሆኖ ሌላው ናይለን እንደሆነ ቀጠለ። ሁለቱም መፍትሔዎች የሚሉት አንድ ነው፦ አየሩ በሚያልፍበት ፕላስቲክ ይሁን፤ ሙቅ ኩላንትና የሚያቃጥል ጋዝ ባለበት ብረት ይሁን፣ ወይም ይራቅ።

ዘይት ውስጥ ያለ ናይለን ሌላ ታሪክ አለው። ሞተሩ ውስጥ ያለው የታይሚንግ ካቴና መምሪያዎች ናይለን የሆኑት ካቴናው በላያቸው እንዲንሸራተትና ድምፅ እንዳያሰማ ነው። ዘይቱ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ዘይት መቀየሪያው ሲዘገይ ግን በአሲድና በጥቀርሻ ይደርቃሉ፤ ካቴናው ይገዘግዛቸዋል። ምልክቱ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ ነው። ጉዳቱ መምሪያው ላይ አያበቃም። ስብርባሪው ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ይወርድና የዘይት ፓምፑን ማጥለያ ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ የሚበላው ኩሽኔታው ነው። ስለዚህ መምሪያ የቀየረ ሰው ማጠራቀሚያውን ሳይፈታ፣ ማጥለያውንም ሳያይ ሞተሩን ቢዘጋ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

አሁን ደግሞ የብረቱን ኃጢአት እንቁጠር፤ አለዚያ ፍርዱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። የድሮው የመዳብና የናስ ራዲያተር በእርሳስ ብየዳ የተያያዘ ነበር፤ ብየዳው በዝገት እየተበላ ያፈሳል፣ ቅርፊቱም ቱቦዎቹን ይደፍናል። በአንድ ነገር ግን ይበልጥ ነበር፦ ፈትቶ በይዶ መመለስ ይቻል ነበር። የዛሬው ሲያፈስ ይጣላል። አሉሚኒየም የኩላንቱ ፀረ-ዝገት ሲያልቅ እንደ ወንፊት ይበሳሳል፤ የብረት ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ሲከርም ይጣበቅና ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ብረት የነዳጅ ታንክ ከውጭ ማሰሪያው ስር ጭቃ በሚይዝበት ቦታ፣ ከውስጥ ደግሞ ከታች በተኛው ውሃ ይዝጋል፤ የዝገቱ ብናኝ ወደ ነዳጅ ፓምፑ ይሄዳል። የፖሊኤቲሊን ታንክ ይህ ሁሉ የለበትም። ግድግዳው በብዙ ንብርብር የተሠራ ሲሆን በመሃል የነዳጅ ትነትን የሚያግድ ስስ ሽፋን አለው፤ ሲገጭም ብዙ ጊዜ ይጎደጉዳል እንጂ አይቀደድም። ስለ ነዳጅ ታንክ ከሆነ፣ ምርጫው ፕላስቲክ ነው ብዬ እደፍራለሁ።

ፍሬን ላይ እንኳ ፕላስቲክ አለ። አንዳንድ የፍሬን ካሊፐሮች ፒስተናቸው ከፌኖሊክ ሙጫ የተሠራ ነው። አይዝግም፤ የፍሬን ሸራውንም ሙቀት ወደ ፍሬን ዘይቱ እንደ ብረት አያሻግርም። ድክመቱ ጠርዙ መሸራረፉ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመለስ በካቻቢቴ ሳይሆን በትክክለኛው መጫኛ መገፋት አለበት።

የመስኮት ማንሻ ቅንጥብጣቢዎችን፣ የሽቦ ሶኬት ምላሶችን፣ የፊት መብራት ሽፋን መወየብን እንለፋቸው። ያበሳጫሉ እንጂ ሞተር አይገድሉም።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። የፕላስቲክ ክፍልን ማንነት ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ተጽፎበታል። በሁለት የቀስት ምልክቶች መካከል አጭር ኮድ ትፈልጋላችሁ። ፒኤ66 ጂኤፍ30 (PA66-GF30) ማለት ናይለን 66 ሆኖ 30 በመቶ የመስታወት ክር ያለው ነው። ፒፒኤስ ጂኤፍ40 (PPS-GF40) የሚል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፦ ሙቅ ኩላንትን እጅግ የሚቋቋም፣ 280 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ፣ ሲያንኳኩት እንደ ሸክላ የሚጮህ ፕላስቲክ ነው። ፒፒኤ (PPA) የሚለው በሁለቱ መካከል ነው። ፒኦኤም (POM) ለማርሽና ለሚንሸራተት ነገር ነው፤ ቅባት ባይኖርም ይሠራል። ፒፒ (PP) ብቻ የሚል የቀዝቃዛ አየር ቱቦ ላይ ይሁን፣ ኩላንት ላይ ግፊት ያለበት ቦታ ከሆነ ዓይናችሁን አትንቀሉበት።

ምርመራው ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። በእጅ ባትሪ የኤክስፓንሽን ታንኩን፣ ማለትም ኩላንቱ ሲሞቅ የሚሰፋበትን ማጠራቀሚያ፣ ስፌት ዙሪያውን እዩ፤ ሁለት ግማሾች የተበየዱበት መስመር ላይ ቡናማ ወይም ነጭ ክር ከታየ ጊዜው ደርሷል። የራዲያተሩ አንገት ከጥቁር ወደ ቡናማ ካደላ እንዲሁ። ከዚያ በክዳኑ ቦታ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ግጠሙና ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ሙሉት፤ ብዙ ጊዜ ከ1.1 እስከ 1.4 ባር ነው። ከዚያ አይለፍ። ለ15 ደቂቃ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ክዳኑንም ራሱን ሞክሩት፤ መልቀቂያው የተጣበቀ ክዳን ጤነኛውን ታንክ ያፈነዳል።

አሮጌ ቱቦ ከፕላስቲክ አንገት ሲወጣ አይጠመዘዝ። ቱቦው አንገቱ ላይ ተጋግሮ ስለሚይዝ የምትጠመዝዙት አንገቱን ነው። ክላምፑን አውጡ፣ ቱቦውን በርዝመቱ በስለት ሰንጥቁ፣ እንደ ልጣጭ ግለጡት። ስለቱ ፕላስቲኩን ከጫረ ጭረቱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናልና ጥልቀቱን ጠብቁ።

መቼ ይቀየር? ለሁሉም መኪና የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ሙቅ በሚሠራ ሞተር ላይ የቴርሞስታቱን ቤት፣ የኤክስፓንሽን ታንኩን፣ የላይኛውን ቱቦ መገጣጠሚያ የውሃ ፓምፑ በሚቀየርበት ጊዜ አብሮ መቀየር የኔ ምክር ነው። ሞተሩ አንዴ ተፈትቷል፣ ኩላንቱም ፈስሷል። ኩላንቱ አምራቹ የጠየቀው ዓይነት ይሁን፤ እኩል ለእኩል ከተጣራ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ከከባቢ አየር በላይ 1 ባር በሚሆን ግፊት እስከ 129 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ በዚያው ግፊት በ120 ይፈላል፤ ፀረ-ዝገትም የለውም።

አምራቾችን የምወቅስበት አንድ ነገር አለ። ፕላስቲክ ሁሉን በአንድ ዕቃ ላይ ማጠቃለል ስለሚያስችል፣ ብዙ የቫልቭ ክዳኖች የሞተሩን ትንፋሽ የሚቆጣጠር የጎማ ስስ ሽፋን ውስጣቸው ተበይዶ ይመጣሉ። ሽፋኑ ሲቀደድ ሞተሩ ያፏጫል፣ ዘይት ይበላል። የተበላሸው ትንሽ ጎማ ነው፤ የሚቀየረው ሙሉው ክዳን ነው። ይህ ጥፋት የፕላስቲኩ አይደለም፤ እንዳይፈታ አድርጎ የነደፈው ሰው ነው።

ከአድማጮች ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ልመልስ።

«የአሉሚኒየም ምትክ ቢገኝ ልግጠም?» ተብሏል። ይታያል። ጥሩ ሆኖ የተፈሰሰ የቴርሞስታት ቤት ከናይለኑ ዕድሜው ይረዝማል። ስትገዙ የጋስኬቱን ማረፊያ በቀጥ ያለ ማስመሪያ ለኩት፤ ከተጣመመ ወይም ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው መልሱት። ሌላም አለ፦ አንዱን ደካማ ስትጠግኑ ግፊቱ ቀጣዩን ደካማ ያገኛል። የአሉሚኒየም ቤት ገጥሞ የአሥር ዓመት ናይለን ራዲያተር መተው ፍሳሹን ወደ ራዲያተሩ ማዛወር ነው። የውሃ ፓምፕ ክንፍም እንዲሁ ነው። የፕላስቲክ ክንፍ ዘንጉ ላይ ሊላላ ወይም ሊሰበር ይችላል፤ ያኔ ፓምፑ ሳያፈስ ሞተሩ ይግላል። የብረት ክንፍ ይህ የለበትም፤ ኩሽኔታው ሲላላ ግን የአሉሚኒየሙን ቤት ይፍቃል።

«የኤሌክትሪክ መኪናስ?» የባትሪው ኩላንት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በታች ስለሚቆይ ናይለኑ እዚያ ተመችቶት ይኖራል።

«የተሰነጠቀ ታንክ በኤፖክሲ ይያዛል?» ግላይኮል የጠጣ ናይለን ማጣበቂያ አይቀበልም፤ ቢቀበልም ሙቀቱ ያስለቅቀዋል። ቤት ድረስ ለመግባት ካልሆነ አትመኑት። ከዚህ ጋር አንድ ነገር እወቁ፦ በብዙ መኪኖች የሙቀት መርፌው ከ75 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጓል፤ ኩላንቱ ከሴንሰሩ በታች ከወረደም ሴንሰሩ አየር ስለሚለካ ሊያታልላችሁ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ መኪና ስትነዱ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ሙቅ አየር ሲነፋ ቆይቶ በድንገት ቀዝቃዛ መንፋት ከጀመረ ኩላንቱ አልቋል፤ መርፌው መሃል ላይ ቢሆንም እዚያው ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን በእጃችሁ የምትነኩት ሞተሩ ቀዝቅዞ የላይኛው ቱቦ ሲጨበጥ መልሶ የማይገፋ ከሆነ በኋላ ነው።